ግላስጎው ቤት ሲያጥራት ለምን ዓይን ካርሙኖክ ላይ ያርፋል?

ካርሙኖክ ትንሽ መንደር ናት። በስኮትላንድ ትልቋ ከተማ በግላስጎው ደቡባዊ ጫፍ፣ ካትኪን ብሬስ ከሚባለው ኮረብታ ማዶ ትገኛለች። ከከተማዋ መሃል ብትርቅ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የምትተዳደረው በግላስጎው ከተማ ምክር ቤት ነው። ግን ስታዩዋት ከተማ አትመስልም። መንገዶቿ ጠባብና ጠመዝማዛ ናቸው። የቆዩ ቤቶቿ ነጭ የተቀቡ የድንጋይ ቤቶች ናቸው። ዙሪያዋን የሣር መስክና እርሻ ነው። በግላስጎው ወሰን ውስጥ መንደርነቷን ይዛ የቀረች እሷ ብቻ ናት ይባላል።

ቤተ ክርስቲያኗ በ1767 የተሠራ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በግቢው በር አጠገብ አንዲት ትንሽ የጥበቃ ቤት አለች። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የከተማ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ለማስተማሪያ አስከሬን ይፈልጉ ነበር። ሌቦች በሌሊት መቃብር እየቆፈሩ ይሸጡላቸው ነበር። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ተራ ገብተው ሙታናቸውን ይጠብቁ ነበር። የ1828 የጥበቃ ደንባቸው እስካሁን ይታወቃል። ካርሙኖክ ከከተማ በሚመጣ ነገር መጨነቅ የጀመረችው ዛሬ አይደለም ማለት ነው።

ዛሬ የሚያስጨንቃት መሬቷ ነው። የግላስጎው ምክር ቤት በኅዳር 2023 መጨረሻ የቤት አስቸኳይ ሁኔታ አወጀ። ኤድንብራ ከጥቂት ሳምንታት በፊት አውጃ ነበር። በግንቦት 2024 የስኮትላንድ ፓርላማም በአገር ደረጃ ችግሩን አስቸኳይ ሁኔታ ብሎ ተቀበለ። በመላ ስኮትላንድ ከ10 ሺህ በላይ ሕፃናት በጊዜያዊ መጠለያ ይኖራሉ። ግላስጎው ውስጥ ቤት አጥተው በሆቴል ክፍል ወራት የሚቆዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። አንድ ክፍል ውስጥ፣ ማብሰያ ሳይኖር፣ ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሰው ዙሪያውን ያያል። ከከተማው ጫፍ ላይ አረንጓዴ ሜዳ ይታየዋል። «ሜዳው ባዶ ነው፤ ለምን ቤት አይሠራበትም?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ቤት ያጣ ሰው ሲጠይቀው ደግሞ ክብር ያለው መልስ ይገባዋል። የእኔ መልስ፣ ካርሙኖክ ዙሪያ ያለውን መስክ መክፈት ግላስጎው ውስጥ ቤት ያጣውን ሰው ቤት አያስገባም የሚል ነው። ምክንያቱን ለማየት ግን መስኩ እንዴት እስከ ዛሬ መስክ ሆኖ እንደቀረ ማወቅ ይጠቅማል።

በ1930ዎቹ መጨረሻ የግላስጎው ሕዝብ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነበር። በመርከብ ግንባታ፣ በብረትና በባቡር ሞተር ሥራ ዓለም ያወቃት ከተማ ነበረች። ሠራተኛው የሚኖረው ግን ጎርባልስን በመሰሉ ሰፈሮች፣ ፎቅ በፎቅ በተደራረቡ የድንጋይ ሕንፃዎች ውስጥ ነበር። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ይኖር ነበር። መጸዳጃው የጋራ ነው። ሳንባ ነቀርሳው የታወቀ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ እንዲቀጥል ማንም አልፈለገም። ጠቡ ሰው የት ይሂድ በሚለው ላይ ነበር።

ሁለት ሐሳቦች ተፋጠጡ። የከተማው መሐንዲስ ሮበርት ብሩስ በ1945 ባወጣው ዕቅድ ሕዝቡ ከግላስጎው ወሰን መውጣት የለበትም አለ። አሮጌውን ከተማ አፍርሰን እዚሁ ወሰናችን ውስጥ እንሥራ ነው ሐሳቡ። ፓትሪክ አበርክሮምቢና ሮበርት ማቲው የመሩት የክላይድ ሸለቆ ዕቅድ ደግሞ በ1946 ተቃራኒውን አቀረበ። ከተማዋን በአረንጓዴ መቀነት፣ ማለትም ግንባታ በሚገደብበት የመስክ ቀለበት፣ እንክበባት፤ የተትረፈረፈውን ሰው ከመቀነቱ ውጭ በሚሠሩ አዳዲስ ከተሞች እናስፍረው አለ። ምክር ቤቱ ሕዝቡን፣ ግብሩንና ድምፁን ማጣት አልፈለገም። የለንደን መንግሥት ወደ ሁለተኛው ዕቅድ አደላ። በመጨረሻ ሁለቱም በከፊል ተፈጸሙ።

ካርሙኖክን ለየት የሚያደርጋት የሁለቱንም ውጤት ከአንድ ቦታ የምታሳይ መሆኗ ነው። በስተ ደቡብ በኩል ኢስት ኪልብራይድ አለች። በ1947 የስኮትላንድ የመጀመሪያ አዲስ ከተማ ተብላ ስትሰየም ወደ 2,400 ሰው የሚኖርባት መንደር ነበረች። ልክ እንደ ካርሙኖክ። ዛሬ ወደ 75 ሺህ ሰው ይኖርባታል። የቀድሞዋ መንደር የከተማዋ አንድ ሰፈር ሆናለች። ሰዎች ወደ ኢስት ኪልብራይድ ሲሄዱ ግን ፋብሪካውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ሱቁም አብሮ እንዲሄድ ታቅዶ ነበር። ለዚህ ሥራ ብቻ የተቋቋመ ድርጅት፣ በጀትና ሥልጣን ነበረው።

በስተ ሰሜን ደግሞ ካስልሚልክ አለ። መሬቱ የስቱዋርት ቤተሰብ ርስት ነበር፤ በቀድሞው አከፋፈል በካርሙኖክ አጥቢያ ሥር ነበር። የግላስጎው ምክር ቤት በ1950ዎቹ በዚያ ላይ ሰፊ የሕዝብ ኪራይ ቤቶች ሠራ። ከኢስተርሃውስ፣ ከድረምቻፕልና ከፖሎክ ጋር ከአራቱ የከተማዋ ዳር ትልልቅ ሰፈሮች አንዱ ሆነ። በአንድ ወቅት ከ30 ሺህ በላይ ሰው ኖሮበታል። ቤቶቹ ከጎርባልስ ጋር ሲነጻጸሩ ሕልም ነበሩ። መታጠቢያ ቤት፣ ለልጆች የራሳቸው መኝታ፣ ንጹሕ አየር። ያን ቀን ቁልፍ የተቀበለችው እናት ያለቀሰችው በደስታ ነው።

ችግሩ ቀስ ብሎ መጣ። ምክር ቤቱ ለቤቶቹ እንጂ ለተቀረው ነገር አልተጣደፈም። ሱቅ ዘገየ። መዝናኛ ዘገየ። የባቡር ጣቢያ ጭራሽ አልመጣም። ሥራ ያለው መሃል ከተማ ነው፤ አውቶቡሱ ረጅም ነው። ከዚያ የከተማዋ ፋብሪካዎች መዘጋት ጀመሩ። የቻለ ሰው ወጣ። ዛሬ የካስልሚልክ ሕዝብ ከቀድሞው ከግማሽ በታች ነው። ነዋሪዎቹ ትልቅ የምግብ መደብር እንዲከፈትላቸው በቅርብ ዓመታት ሲታገሉ ቆይተዋል። አስቡት። በአውሮፓ ሀብታም አገር፣ በትልቅ ከተማ ውስጥ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚኖርበት ሰፈር፣ ትኩስ አትክልት በተመጣጣኝ ዋጋ ለመግዛት ዘመቻ ያደርጋል። ይህ ሲወራ ሁሌም ያናድደኛል።

ስለዚህ ከካርሙኖክ ሆኖ «ሜዳው ላይ እንሥራ» የሚለው ሐሳብ ባዶ ወረቀት ላይ የሚጻፍ አይደለም። ከኮረብታው ማዶ ተሞክሯል። ካስልሚልክን የጎዳው ሜዳ ላይ መሠራቱ ብቻ አይደለም፤ ቤት ብቻ ተሠርቶ ኑሮ መዘንጋቱ ነው። ዛሬ አንድ የግል ኩባንያ ካርሙኖክ ዳር 200 ቤት ቢሠራ ያንኑ ስሕተት በውድ ዋጋ መድገም ይሆናል። አውቶቡሱ ያው ነው። ትምህርት ቤቱ ያው ነው። እያንዳንዱ ቤት ሁለት መኪና ይዞ በጠባቦቹ መንገዶች ይወርዳል።

ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን ግላስጎው ራሷ ውስጥ ነው። ከተማዋ መሬት አላነሳትም። ከ1.1 ሚሊዮን በላይ የነበረው ሕዝቧ በ2022 ቆጠራ ወደ 620 ሺህ ገደማ ነው። ግማሽ ያህሉ ሕዝቧ የሄደባት ከተማ መሬት አጠረኝ ልትል አትችልም። መርከብ ይሠራባቸው የነበሩ የክላይድ ወንዝ ዳርቻዎች፣ የተዘጉ ፋብሪካዎች፣ የፈረሱ ፎቆች የነበሩባቸው ቦታዎች በመቶዎች የሚቆጠር ሄክታር ሆነው ተቀምጠዋል። ከከተማዋ ነዋሪ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ከቤቱ 500 ሜትር ሳይርቅ እንዲህ ያለ የተተወ መሬት ያገኛል። አብዛኛው ደግሞ የሚገኘው በድሃ ሰፈሮች ነው። አውቶቡስ ያልፍበታል። የውኃና የፍሳሽ መስመር በአቅራቢያው አለ። ትምህርት ቤት ተማሪ እየጠበቀ ነው።

ታዲያ ለምን አይሠራበትም? መልሱ ከአፈሩ ይጀምራል። በራዘርግሌን አጠገብ ሾፊልድ በተባለ ቦታ ከመቶ ዓመት በላይ የክሮሚየም ኬሚካል ፋብሪካ ነበር። ዝቃጩ በደቡብ ምሥራቅ ግላስጎው ብዙ ቦታ ተደፍቷል። አንዳንዱ የክሮሚየም ዓይነት ካንሰር ያመጣል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ ቤት ከመሥራት በፊት ቆፍሮ መመርመር፣ አፈሩን ማከም ወይም ማንሳት፣ የከርሰ ምድር ውኃውን መከታተል አለ። ሌላም ቦታ አሮጌ የከሰል ማዕድን ጉድጓድ ከሥር አለ፤ መሞላት አለበት። ይህ ሁሉ አንድ ጡብ ሳይቀመጥ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

ሜዳው እንዲህ አይደለም። ላም የጋጠችበት መሬት ንጹሕ ነው። ኩባንያው መጥቶ ይለካል፣ ይቆፍራል፣ ይሠራል። ባለ ግቢ ቤት ይሠራል፤ ባለ ግቢ ቤት ደግሞ ከአፓርታማ የተሻለ ይሸጣል። ከሁሉም በላይ የመሬቱ ዋጋ ጨዋታ አለ። የእርሻ መሬት እንደ እርሻ ሲሸጥ ርካሽ ነው። ቤት ሊሠራበት ይችላል የሚል ፈቃድ ሲያገኝ ዋጋው በብዙ እጥፍ ይዘላል። ያ ትርፍ የሚሄደው ለባለ መሬቱና ለኩባንያው ነው። ስለዚህ ከከተማ ዳር ያለ ገበሬ ጋር ቀድሞ ውል ይዞ፣ ምክር ቤቱ የዕቅድ መስመሩን እስኪያንቀሳቅስ ለዓመታት መጠበቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የተበከለውን መሬት ዓመታት የሚጠብቀው ባለሀብት የለም።

«ግን ቤት ከተሠራ ሁሉም ይጠቀማል» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። የስኮትላንድ አገራዊ የፕላን ሰነድ በአዲስ ግንባታ ውስጥ ቢያንስ 25 በመቶው ለዝቅተኛ ገቢ የሚስማማ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ማለት ግን ከ100 ቤት 75ቱ በገበያ ዋጋ ይሸጣሉ ማለት ነው። ካርሙኖክን በመሰለ ተፈላጊ መንደር የገበያ ዋጋ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም። በሆቴል ክፍል ልጅ የምታሳድግ እናት ከ75ቱ አንዱን አትገዛም። ከ25ቱ አንዱ ሊደርሳት ይችላል፤ እሱንም ከመኪና ውጭ በማይኖርበት ቦታ።

እሷ የሚያስፈልጋት ቤት ምን ሆነ ብለን ብንጠይቅ ይሻላል። በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጥ፣ እኛ የቀበሌ ቤት ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ቤት ግላስጎው ውስጥ እጅግ ብዙ ነበር። ከ1980 ጀምሮ ተከራዮች በቅናሽ እንዲገዙት ተፈቀደ። ይህ መብት በ2016 እስኪቀር ድረስ በመላ ስኮትላንድ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ቤት ከሕዝብ እጅ ወጣ። ገዢዎቹን አልወቅስም። ቤት ያገኘ ሠራተኛ ምን አጠፋ? የሚያሳዝነው በምትኩ አለመሠራቱ ነው። በ2003 የግላስጎው ምክር ቤት ወደ 80 ሺህ የሚሆኑ ቤቶቹን በሙሉ ለቤት ማኅበር፣ ማለትም ለትርፍ ሳይሠራ ቤት ለሚያከራይ ድርጅት፣ አስተላለፈ። ስለዚህ ዛሬ ከተማዋ ቤት ለሌለው ሰው ቤት የመስጠት ግዴታ አለባት፤ የራሷ ቤት ግን የላትም። ሬድ ሮድን የመሰሉ ግዙፍ ፎቆች ፈረሱ። የመጨረሻዎቹ በ2015 ወደቁ። መፍረስ የነበረባቸው ነበሩ፤ ግን ቦታቸው ለዓመታት ሣር በቀለበት።

በዚህ ላይ የስኮትላንድ መንግሥት ለ2024-25 ለዝቅተኛ ኪራይ ቤቶች ግንባታ የመደበውን ገንዘብ ከሩብ በላይ ቀነሰ። የአስቸኳይ ሁኔታ አዋጁ በተሰማበት ሰሞን መሆኑ ነው። በቀጣዩ ዓመት ወደ 768 ሚሊዮን ፓውንድ መለሰው። ጥሩ አደረገ። የቤት ግንባታ ግን እንደ ቧንቧ ተዘግቶ የሚከፈት ነገር አይደለም። አንድ ዓመት ሲቆም ተቋራጩ ሠራተኛውን ያሰናብታል፣ የቤት ማኅበሩ ዕቅዱን ይሰርዛል፣ መልሶ ለመጀመር ሌላ ሁለት ዓመት ይወስዳል።

እዚህ ላይ ብዙ የእኛን አካባቢ ሰዎች የሚነካ ጉዳይ አለ። ከ2000 ጀምሮ ግላስጎው ጥገኝነት ጠያቂዎችን ስትቀበል ቆይታለች። መጀመሪያ የተመደቡት ማንም የማይፈልጋቸው ባዶ ፎቆች ላይ ነበር፤ ሳይትሂልንና ሬድ ሮድን የመሳሰሉ። ከመጡት መካከል ከአፍሪቃ ቀንድ የመጡ ወገኖች አሉበት። ሰው የመኖሪያ ፈቃድ ሲያገኝ ከተሰጠው ማረፊያ እንዲወጣ የሚሰጠው ጊዜ ለብዙ ዓመታት 28 ቀን ነበር። በ28 ቀን ውስጥ የባንክ ሒሳብ፣ ሥራና ቤት ማግኘት ለአገሬውም ይከብዳል። በ2024 መጨረሻ ለሙከራ ወደ 56 ቀን ከፍ ብሎ ነበር። የስኮትላንድ ሕግ ከእንግሊዝ ይለያል፤ ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ ሳያጠፋ ቤት ያጣ ሰው ሁሉ፣ ልጅ ይኑረው አይኑረው፣ ቋሚ ቤት የማግኘት መብት አለው። በዚህ ምክንያት ከሌሎች የብሪታንያ ከተሞች ፈቃድ አግኝተው ወደ ግላስጎው የሚመጡም አሉ። ምክር ቤቱ አስቸኳይ ሁኔታውን ሲያውጅ የጥገኝነት ውሳኔዎች በአንድ ጊዜ መብዛታቸውን አንዱ ምክንያት አድርጎ አቅርቧል።

ይህንን ይዘው «ቤቱን የወሰዱት ስደተኞች ናቸው» የሚሉ ድምፆች አሉ። አልቀበለውም። ስደተኛው ሲመጣ ከግማሽ ሚሊዮኑ ቤት አብዛኛው ተሸጦ ነበር። ፎቁ እየፈረሰ ነበር። የተመረዘው መሬት ታጥሮ ነበር። ሕጉ ጥሩ ነው፤ በሕጉ ልክ ቤት አልተሠራም። ጥፋቱን እዚያ መፈለግ ነው።

ካርሙኖክ ከወቀሳ ነፃ ናት እያልኩ ግን አይደለም። መንደሯ ጥበቃ የሚደረግላት ታሪካዊ ቦታ ናት፤ መሆንም አለባት። ነገር ግን «መንደራችንን አትንኩ» የሚለው ቃል በብዙ ቦታ ሁለት ትርጉም ይዞ ይመጣል። አንዱ መስኩን፣ ወፉን፣ የድንጋይ ቤቱን ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ከኮረብታው ማዶ ያለው ሰው እዚህ አይምጣ ማለት ነው። ከካስልሚልክ እስከ ካርሙኖክ በእግር የሚኬድ መንገድ ነው። በኑሮ ግን ርቀቱ ትልቅ ነው። አረንጓዴው መቀነት የቤት ዋጋ ማስጠበቂያ አጥር ከሆነ እኔም አልደግፈውም።

መንደርን መጠበቅ የሚያምርበት ሰው ሲኖርበት ነው። እዚያ የተወለደ ወጣት፣ የአረጋውያን ተንከባካቢዋ፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ ካርሙኖክ ውስጥ ቤት መከራየት ካልቻሉ መንደሩ ለፎቶ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የመንደሩ ሰዎች ሁለት ነገር አብረው ቢሉ ደስ ይለኛል። መስኩ ላይ 200 ቤት አንፈልግም ይበሉ። በመንደሩ ውስጥና ቀድሞ በተሠራበት ጠርዝ ላይ ጥቂት የዝቅተኛ ኪራይ ቤቶች በማኅበር እንዲሠሩ ግን እንፈልጋለን ይበሉ። አሥር፣ አሥራ አምስት ቤት ለአንድ ከተማ ምንም አይደለም። ለትንሽ መንደር ግን ብዙ ነው። ሱቁም፣ አውቶቡሱም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤም ከዚህ ይጠቀማሉ።

የተተወ መሬት ላይ መሥራት እንደሚቻልም ግላስጎው ራሷ አሳይታለች። ለ2014 የኮመንዌልዝ ጨዋታ በዳልማርኖክ፣ በተበከለ የኢንዱስትሪ መሬት ላይ 700 የሚሆኑ ቤቶች ተሠርተው ከጨዋታው በኋላ ሕዝብ ገባባቸው። ብዙዎቹ ለዝቅተኛ ኪራይ ነበሩ። ክላይድ ጌትዌይ የተባለው የመንግሥት የልማት ድርጅት ከ2008 ጀምሮ በምሥራቁ በኩል አፈር ሲያጸዳ ቆይቷል። በሳይትሂልም የፈረሰው ሰፈር በአዲስ እየተተካ ነው። በሦስቱም ቦታ ያለው ምሥጢር ያው ነው። የማጽዳቱን ወጪ ሕዝብ ከፈለ፤ ከዚያ ቤት ሠሪው መጣ። የስኮትላንድ መንግሥት በ2021 ለተተወ መሬት 50 ሚሊዮን ፓውንድ በአምስት ዓመት የሚከፋፈል ፈንድ አቋቁሟል። ለመላ አገሪቱ ነው። ግላስጎው ብቻዋን ልትጨርሰው ትችላለች። ገንዘቡ ብዙ እጥፍ ማደግ አለበት፤ የእርሻ መሬት ፈቃድ ሲያገኝ ከሚዘለው ዋጋም ለዚህ ሥራ የሚቆረጥ ድርሻ ቢኖር ፍትሐዊ ነው።

በ2023 መጀመሪያ የጸደቀው አራተኛው አገራዊ የፕላን ሰነድ በወረቀት ላይ ለዚህ ሐሳብ ያደላል። ቀድሞ የተሠራበት መሬት ይቅደም፤ አረንጓዴ መቀነት ላይ የሚፈቀደው ጥቂት ነገር ይሁን ይላል። የቤት ሠሪ ኩባንያዎች ቤት እንዳንሠራ አሰረን እያሉ እንዲላላ ይገፋሉ። የግላስጎው የአሁኑ የከተማ ፕላን በ2017 የጸደቀ ነው። የስኮትላንድ ምክር ቤቶች በሙሉ እስከ ግንቦት 2028 አዲስ ፕላን ማጽደቅ ይጠበቅባቸዋል፤ ግላስጎውም እያዘጋጀች ነው። የካርሙኖክ መስክ በየትኛው ቀለም እንደሚቀባ፣ የትኛው የተተወ መሬት መቼና በማን ገንዘብ እንደሚጸዳ የሚጻፈው እዚያ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት ሲቀርብ መጀመሪያ የሚጽፉት ባለ መሬቶች፣ ኩባንያዎችና የተደራጁ መንደሮች ናቸው። የካስልሚልክ ነዋሪም፣ በሆቴል ክፍል ያለውም፣ ግላስጎው ውስጥ ቤት የሚጠብቀው ወገናችንም አስተያየት የመስጠት እኩል መብት አላቸው። ጠበቃ አያስፈልግም። አንድ ገጽ ጽሑፍ ይበቃል።